ቅዳሜ ብሔራዊ ቴአትር ለኮንሰርቱ ለምትመጡ፦ በአንድ ጆሮ ብቻ ለሚሰማ ሰው የቱ ጋር መቀመጥ ይሻላል?

የካዛንቺስዋ

ሰላም ለሁላችሁም። ቲኬቱን ከቆረጥኩ ዛሬ 11 ቀኔ ነው ግን እስካሁን የቴሌብሩን መልእክት እየከፈትኩ አነበዋለሁ፣ ቢሮም ታክሲ ውስጥም፣ እንዳይጠፋብኝ ስክሪንሹት አድርጌ ለእናቴም ለጓደኛዬም ልኬዋለሁ። አምስቱም የባንዱ አባላት! አንድ መድረክ ላይ! ከ14 አመት በኋላ! ድራመሩ ብቻ ነበር እኮ እዚህ የቀረው፣ ሌላው በየሀገሩ ተበትኖ ነበር፣ ኪቦርዲስቱ ቦሌ ገባ ተብሎ ፎቶው የወጣ ቀን ስራ ላይ ነበርኩ፣ ተነስቼ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ ምን ልበላችሁ።

ጥያቄዬ ግን ስለ ታላቅ ወንድሜ ነው። እኔ ይሄን ባንድ ያወቅኩት በሱ ነው። ያደግነው ካዛንቺስ ከቶታል ወረድ ብሎ ነው (አሁን ቤቱ የለም፣ ሰፈሩ ሲፈርስ እነ እማዬ ገላን ገቡ)። ቴፑ ቡፌ ላይ ዳንቴል ለብሶ ነበር የሚቀመጠው፣ ከሱ ውጪ ማንም አይነካውም። የመጀመሪያውን ካሴታቸውን ከፒያሳ ገዝቶ የመጣ ቀን እራት ሳንበላ ሁለቱንም ፊት ሶስት ሶስቴ ሰማን። ከዛ በሳምንቱ ቴፑ ካሴቱን በላው፣ ኤ ሳይድ አራተኛው ዘፈን ላይ። ወንድሜ ጥቁሩን ክር ቀስ አድርጎ ጎትቶ አወጣው፣ አንድ ስንዝር የሚሆነው እንደ አኮርዲዮን ተጨማዶ ነበር፣ ቆርጦ ጣለውና ሁለቱን ጫፍ በስኮች አገናኘው፣ ትንፋሹን ይዞ፣ እኔ ደግሞ ባትሪ አበራለታለሁ። በእስክሪፕቶ አጠንጥኖ ከተተውና ሰራ። ግን ሁለተኛው አዝማች ሊገባ ሲል ያለው የቤዝ ዙር ተቆርጦ ጠፋ፣ ዘፈኑ እዛ ጋር ዘሎ ይሄዳል። ወንድሜ ምን አደረገ መሰላችሁ፣ ከጎረቤት ልጅ ጊታር ተውሶ በወፍራሞቹ ክሮች ለዛች ክፍተት የራሱን ዙር ፈጠረላት። እኔ ዘፈኑን ለአመታት የማውቀው በሱ ዙር ነው። ኦርጅናሉን ዩቲዩብ ላይ ስሰማ ትልቅ ሰው ሆኜ ነበር፣ እውነቴን ነው የተሳሳቱ ነበር የመሰለኝ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ፣ ከ6 አመት በፊት ታሞ ግራ ጆሮው ጨርሶ መስማት አቆመ። ቀኙ ደህና ነው። ከዛ ወዲህ ሙዚቃ ያለበት ቦታ ዝር አይልም፣ ሰርግ እንኳን ምሳ በልቶ ሹልክ ነው፣ ድምፅ ሁሉ ተደበላልቆ ከአንድ ቦታ ይመጣብኛል፣ ማን ከየት እንዳወራኝ አላውቅም ይላል። የዚህን ኮንሰርት ወሬ ስነግረው ዝም አለ። ማታ ላይ ደወለና «ቤዙን ራሱ ነው የሚጫወተው?» አለኝ፣ ራሱ ነው ስለው «እሺ» ብሎ ዘጋው። እሺ ያለኝ ሰው እንዲጸጸት አልፈልግም።

ቲኬቱ የወንበር ቁጥር የለውም፣ ቀድሞ የገባ ነው የሚመርጠው። የት ላስቀምጠው? ፊት ነው መሀል ነው ወይስ ባልኮኒ? 12 ሰዓት ይጀምራል ተብሏል፣ በስንት ሰዓት ብደርስ ይሻላል? ደግሞ ብሔራዊ ቴአትር ስለሆነ ቁጭ እንዳልን ነው ወይስ ተነስተን መጨፈር ይቻላል?

ከሚክሰሩ_ጀርባ

እህቴ እኔ ሳውንድ ነው የምሰራው፣ ከ2001 ጀምሮ፣ እዛ አዳራሽም ስንቴ ሰርቻለሁ ስለዚህ በደንብ አንብቢኝ።

ፊታችሁን ወደ መድረክ አዙራችሁ በግራ በኩል ተቀመጡ። ሰው ሁሉ መሀል መሀል ይላል፣ ላንቺ ልክ ነው ለሱ ግን አይሆንም። ግራ ከሆነ መድረኩ ወደ ቀኙ ይውልለታል፣ ደህናው ጆሮ ወደ ባንዱ ይዞራል፣ ግድግዳው ደግሞ በማይሰማው በኩል ይቀራል። ግን ግድግዳው ስር እንዳትለጠፉ፣ ቤዝ ግድግዳና ጥግ ላይ ይከማቻል፣ ብዙ ይመስላል እንጂ ኖታው ከኖታው አይለይም፣ ወንድምሽ እንደነገርሽን ከሆነ እሱ ሊሰማ የሚመጣው ኖታውን ነው። ከግራው የወንበር ክፍል መተላለፊያው ጋር ያለውን ጫፍ ያዙ። ርቀቱን ደግሞ ሚክሰሩ (ድምፁ የሚስተካከልበት ጠረጴዛ) የት እንደተቀመጠ አይታችሁ እሱ ረድፍ አካባቢ አድርጉት፣ ሳውንድ ማኑ የሚያስተካክለው ለራሱ በሚሰማው ነው፣ እሱ ጋር የተቀመጠ ሰው እሱ የሰማውን ይሰማል። ፊት ረድፍ የዘፋኙን ላብ ታያላችሁ ግን የምትሰሙት ድራሙንና የጊታሩን አምፕሊፋየር ነው፣ የዘፋኙ ድምፅ በጎን በጎን ያልፋችኋል። ባልኮኒ ስርም ተዉት፣ ቀጫጭኑ ድምፅ እዛ አይደርስም፣ ግጥሙ ይታፈናል።

ስቴሪዮ ያመልጠዋል ብለሽ ከሆነ አትስጊ። ላይቭ ላይ ብዙዎቻችን ሞኖ (በግራም በቀኝም አንድ አይነት ድምፅ) ነው የምንሰራው ማለት ይቻላል፣ አንዱ ጊታር በግራ ብቻ ሌላው በቀኝ ብቻ ካደረግን ዳር የተቀመጠው ሰው ግማሽ ባንድ ነው የሚሰማው። በኤርፎን ሲሰማ ግን ስድስት አመት ሙሉ ግማሹን እያጣ ነው የቆየው! ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ አክሰሰቢሊቲ የሚለው ጋር ግቢና ሞኖ ኦዲዮ የሚለውን አብሪለት፣ ሁለቱንም ቀላቅሎ በቀኙ ያመጣለታል። ዛሬውኑ አድርጊው እባክሽ።

ሌላው ዋናው፣ ያንን አንድ ጆሮ ጠብቁት። 100 ዴሲቤል ላይ ያለ መከላከያ ለጆሮ የሚመከረው 15 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ኮንሰርት ደግሞ ሁለት ሰዓት ከዛ በላይ ነው። ጥጥ አይሰራም። ፋርማሲ የሚሸጠው ስፖንጅ ይሰራል ግን ያፍነዋል፣ ለሙዚቀኛ ተብሎ የሚሰራ ትንሽ የጎማ መሰኪያ አለ፣ ድምፁን እንዳለ ዝቅ ያደርገዋል፣ ብታገኙ እሱ ነው። አንቺ በግራው ተቀመጪ። በቀኙ ከሆንሽ የምትጮሂው ደህናው ጆሮ ላይ ነው፣ እንደምትጮሂ ደግሞ ከጽሁፍሽ ያስታውቃል። ልታወሪው ስትፈልጊ እጁን ንኪው ይዞርልሻል።

ቤዝ_ብቻ

ኤ ሳይድ አራተኛው!! ያንን ዙር ለመልቀም አንድ ክረምት ሙሉ ፈጅቶብኛል፣ ጣቴ ቆስሎ እናቴ ቅቤ ትቀባኝ ነበር። ካሴት በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ነው የሚሄደው፣ አንድ ስንዝር 22 ሴንቲ ብንለው ወንድምሽ የቆረጠው አራት ሰከንድ ተኩል ይሆናል፣ ይሄ ዙር ደግሞ አራት ሰከንድ ነው፣ ልክክ ብሎ እሱኑ ነው ያነሳው ማለት ነው። እኔ የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው፣ ኦርጅናሉን ሳይሰማ ከባቲ ቅኝት ሳይወጣ ነው ወይ የሞላው? ዘፈኑ ባቲ ነው፣ ቤዙ እዛ ጋር ሲደርስ ከቅኝቱ ውጪ የሆነች አንዲት ኖታ ረግጦ ይመለሳል፣ ያቺ ኖታ ናት ሰውን የምትገለው። የወንድምሽን ዙር ድምፅ ቀድተሽ ብትለቂልን ደስ ይለኛል፣ የምሬን ነው።

ችክችካው ላይ ደግሞ እንነሳለን እንዴ ምን ጥያቄ አለው፣ ብሔራዊም ቢሆን እንነሳለን፣ ወንበሩ ጠባብ ነው ግን ለእስክስታ ትከሻ ይበቃል።

ሲኤምሲ_ነኝ

ደስታችሁን ለማደፍረስ አይደለም ግን እኔ ቲኬት አልቆረጥኩም፣ ሶስቴ ገብቼ ሶስቴ ወጣሁ። የ20 አመት ልጅ ሆኜ የማውቀውን ድምፅ የ50 አመት ሰው ሲዘፍነው መስማት ፈራሁ። ከፍ ብሎ የሚይዛት የመጨረሻዋ ስንኝ አለች አይደል፣ እሷን ካልደረሰባት ሌላውንም የሚያበላሽብኝ ይመስለኛል። ካሴቱ ላይ እንዳለ ይቆይልኝ ብዬ ነው። እንዲህ የተሰማው ሌላ ሰው አለ?

የጎላው

ሲኤምሲ ልጄ፣ እኔ ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፣ እዚህም የምገባው የልጅ ልጄ ከፍታልኝ ነው፣ ላንተ ግን ልጽፍልህ ተቀመጥኩ።

በኛ ጊዜ ባንድ ማለት የሆቴል ነበር። አይቤክስ ራስ ሆቴል፣ ኋላ ሮሃ የሆነው ማለቴ ነው፣ ዳህላክ ግዮን፣ ዋልያስ ሂልተን። እንደኔ ያለ ደመወዝተኛ ሂልተን የሚገባበት አቅም አልነበረውም፣ አንድ ጊዜ የአጎቴ ልጅ አስገባኝ። ዘመኑ የደርግ ነው፣ ሰዓት እላፊ አለ፣ እኩለ ሌሊት ላይ በሩ ከተዘጋ እስኪነጋ መውጣት የለም። ባንዱም እንግዳውም እዛው ነው የሚያድረው። ዘፋኞቹ ሲደክሙ ሙዚቃው ብቻውን ይቀጥላል፣ ኦርጋኑ ከለሆሳስ ይነሳና እየሞቀ እየሞቀ ይሄዳል፣ የሚነጋገር ሰው አልነበረም። ሊነጋ ሲል በሩ ተከፈተና ወጣን፣ መንገዱ ላይ ሰው የለም፣ ከሂልተን እስከ ጎላ ሚካኤል በእግሬ ስገባ ያ ኦርጋን ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ያንን ሌሊት እስከዛሬ ደግሜ አላገኘሁትም።

ዋልያስ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሄዱ፣ አንዳንዶቹ ተመለሱ አንዳንዶቹ እዛው ቀሩ፣ ባንዱም በዚያው ተበተነ። ኦርጋን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ዋሺንግተን ቀርቶ ታክሲ ነዳ። የማወራህ ይህን ለማለት ነው፣ መኪናው የኋላ ኮፈን ውስጥ በባትሪ የሚሰራ ኪቦርድ ይይዝ ነበር፣ ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ አውጥቶ ይለማመዳል። ማንም በማይሰማው ቦታ። እ.ኤ.አ. በ1985 የሰራት ካሴት በ2013 እንደገና ስትታተም ዓለም አስታወሰውና በስተርጅና በየሀገሩ መድረክ ላይ ወጣ። የልጅ ልጄ ቪዲዮውን አሳየችኝ፣ ጣቱ እንደ ድሮው አይሮጥም፣ ግን የተወው ባዶ ቦታ ነው የበለጠ የሚያምረው፣ ድሮ ሶስት ኖታ የሚከትበት ቦታ ላይ አሁን አንዷን አስቀምጦ ይጠብቃታል።

ስለ ከፍታዋ ስንኝ የምትፈራውን ተረድቼሃለሁ። ያረጀ ዘፋኝ ካለ ባንዱ ቁልፉን ዝቅ ያደርግለታል፣ ይህ የታወቀ ነው፣ ነውርም የለበትም። ማህሙድ አህመድ በኛው አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. ጥር ሚሊኒየም አዳራሽ ሲሰናበት ከ80 አመት በላይ ነበር፣ እዛ ነበርኩ፣ አዳራሹ ሙሉ ሰው ስንኙን ከአፉ ተቀብሎ ይዘፍንለት ነበር። ያቺን ከፍታ ልጅዬው ቢያቅተው እናንተ ትደርሱላታላችሁ። ቲኬት ካለ ግባ ልጄ።

ወንድሟን ይዛ ለምትመጣው ልጅ፣ እግዜር ያክብርሽ። የቤዝ ሰው ጆሮው ላይ ብቻ አይደለም የሚሰማው።

ቸርችል_ጎዳና

እኔ እዛው አካባቢ ነው የምሰራው ስለ መንገዱ ልንገርሽ። መኪና ይዘሽ እንዳትመጪ ፓርኪንጉ ጭንቅ ነው። በባቡር ከሆነ ለገሃር ውረጂና ወደ ላይ በእግር ነው፣ ትንሽ ደቂቃ ብትሄጂ ቴአትሩ ፊት ያለው የአንበሳ ሐውልት ጋር ትደርሻለሽ፣ የእግረኛ መንገዱ አሁን ሰፊ ነው፣ ለወንድምሽም ከታክሲ ጩኸት ይሻለዋል። ጎን ለጎን ስትሄዱ አንቺ በቀኙ ሁኚ። 12 የተባለው 12 ላይ አይጀመርም ግን ወንበር ስለሚመረጥ 10 ሰዓት ላይ እዛ ሁኑ፣ ሰልፉ አንበሳውን ዞሮ ወደ ታች ይወርዳል። ፍተሻ አለ፣ ውሃ በፕላስቲክ ሊያስጥሏችሁ ስለሚችሉ ጠጥታችሁ ግቡ። የጆሮ መሰኪያውን በማሸጊያው ያዢው ምንድነው ካሏችሁ እንድታሳዩ። መመለሻ ደግሞ በሩ ላይ ቆመሽ ራይድ አትጥሪ፣ ሁሉም በአንዴ ስለሚጠራ አታገኚም፣ ወደ አምባሳደር ወይም ወደ ፖስታ ቤት በእግር ራቅ በይና ከዛ ጥሪ። ጃኬት ያዙ ማታ ቸርችል ላይ ንፋሱ ከባድ ነው።

የካዛንቺስዋ (ሐሙስ)

ሁላችሁንም ምን ብዬ እንደማመሰግናችሁ አላውቅም። ጋሽ ጎላ የጻፉትን ለወንድሜ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፣ ኪቦርዱ መኪና ውስጥ የነበረው ጋር ስደርስ «ድገሚው» አለኝ።

ከሚክሰሩ ጀርባ፣ ይሄን ላንተ ልጻፍልህ። ሞኖ ኦዲዮ የምትለዋን ማክሰኞ ማታ አበራሁለት። ኤርፎኑን አድርጎ ያንኑ ዘፈን ከፈተ፣ ትንሽ ከሰማ በኋላ አቆመው፣ እንደገና ከመጀመሪያው ከፈተው፣ ከዛ «ሁለተኛው ጊታር» አለኝ። ለካ ሁለተኛው ጊታር ሪከርዱ ላይ በግራ በኩል ነበር። ስድስት አመት ሙሉ የሌለ ነበር የመሰለው፣ ዩቲዩብ ላይ ሲጭኑት የቆረጡት ይመስለኝ ነበር አለኝ። ሻዩ ቀዝቅዞ ውሃ እስኪሆን ሙሉ አልበሙን ሰማ፣ እኔ እዛው ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ፣ ስነቃ 7 ሰዓት ሌሊት ሆኖ እሱ አሁንም ኤርፎኑ ጆሮው ላይ ነው፣ ብርድ ልብስ አልብሶኛል።

ደግሞ ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ለሜክሲኮ ታክሲ ስሄድ ሆን ብዬ በብሔራዊ ዞርኩ። የጎን በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፣ ፖስተሩን እያየሁ ቆሜ ከውስጥ ዱም ዱም ዱም ሰማሁ፣ ቤዝ ብቻ፣ ዘፈን አይደለም፣ አንዷን ኖታ ደጋግሞ። አንድ ልጅ ኬብል ተሸክሞ ወጥቶ ምን ፈልገሽ ነው አለኝ፣ ምንም አልኩት፣ ምንም አልፈለግኩም እኮ። ስልኬን አውጥቼ ደወልኩና ወደ በሩ አስጠግቼ ያዝኩለት። መኪና ያልፋል ረዳት ይጮሃል፣ ይሰማሃል ስለው «ዝም በይ» አለኝ፣ አራት ደቂቃ ምንም ሳናወራ ሰማን። ከዛ ሲጨርስ «ክሩ አዲስ ነው፣ ገና አልለሰለሰም» አለ። በስልክ! በአንድ ጆሮ!

ቤዝ ብቻ፣ የሱን ዙር ቅጂ ብዬ ጠየቅኩት፣ ከኮንሰርቱ በኋላ አለኝ። ከባቲ ወጥቷል ወይ ላልከው ደግሞ አንዲት ኖታ ትወጣለች፣ የሱ ግን ሌላ ኖታ ናት፣ ያንተን ጥያቄ ስነግረው ፈገግ ብሎ ነው ይሄን የነገረኝ።

ሲኤምሲ_ነኝ

ቆረጥኩ። ባልኮኒ ቢደርሰኝም ቆርጫለሁ። ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ።

ከሚክሰሩ_ጀርባ

ክሩ አዲስ ነው ያለው ልክ ነው፣ ጓደኛዬ ነው እዛ የሚሰራው፣ ጠዋት ነው የቀየሩት። ሌላ ምንም ማለት አልችልም። ሐሙስ የሰማሽው ባዶ አዳራሽ ስለሆነ ያስተጋባል፣ ቅዳሜ ሰው ሲሞላ ልብሱም ገላውም ማስተጋባቱን ስለሚውጠው ድምፁ እየጠራ ነው የሚሄድላችሁ።

የካዛንቺስዋ (ቅዳሜ፣ 11:50)

ውስጥ ነን!! 9 ተኩል ላይ ነው የደረስነው፣ ከፊታችን 30 የሚሆን ሰው ብቻ ነበር። ሰልፉ ላይ ከኋላችን የነበሩ ልጆች ገና 20 አመት አይሞላቸውም፣ ባንዱ ሲበተን ህጻናት ነበሩ፣ ግጥሙን በሙሉ ያውቁታል፣ ወንድሜ ዞሮ እያያቸው ነበር። ከግራው በኩል መተላለፊያው ጫፍ፣ ከሚክሰሩ አንድ ረድፍ ፊት አግኝተናል፣ እኔ በግራው ነኝ። የጎማውን መሰኪያ ከመርካቶ አገኘሁለት፣ ኪሱ ውስጥ ሆኖ አስሬ እየነካ ያረጋግጠዋል።

አዳራሹ እየሞላ ነው፣ ጫጫታ ነው፣ ተጨንቄ አየሁት ግን ደህና ነው። መድረኩ ላይ አንድ ሰው ወጥቶ ቤዙን አነሳና አንዴ መታው። ወንድሜ መዳፉን የወንበሩ እጀታ ላይ ዘርግቶ ነበር፣ እጄን ነካኝና ዞር ስል «ሚ ነው፣ ትንሽ ወርዷል» አለኝ። ሰውዬው ቁልፉን ትንሽ አጠበቀው፣ ደግሞ መታው። ወንድሜ ራሱን ነቀነቀ። መሰኪያውን እያደረገ ነው፣ መብራት ጠፋ